የባዶ ቀለህ ዋጋ

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በኮዬ ፈጬ የጋራ ሕንፃዎች መካከልም ይሰማል። ቆራሌው አሮጌ የናስ ቧንቧ ሲያገኝ ከብረት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ናስ ከብረት ይልቅ ዋጋ ያወጣልና። ይኸው መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ማዕድን በአያቶቻችን ዘመን እጅግ ይፈለግ የነበረው በጥይት ቀለህነቱ ነው።

ጥይት አራት ነገር አለው፤ እርሳሱ፥ ባሩዱ፥ እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብና ቀለሁ። ሦስቱ አንድ ጊዜ ሲተኮስ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ግን ይተርፋል። እርሳስ በእሳት ይቀልጣል፥ ጥቁር ባሩድም በአገራችን ይወቀጥ ነበረ፤ ናስ ስቦ ቀለህ የሚያወጣ ፋብሪካ ግን አልነበረንም።

እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን አንድ ጎራሽ ነው። ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤል ሲይዙ፥ አሮጌው ውጅግራ በብዛት ወደ እኛ መጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋም ተተኩሷል። ጥይቱ እንደ አሞሌ ሁሉ በገበያ የብር ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የተተኮሰውም ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር።

አሞላሉ ቀላል ይመስላል፤ ጭንቁ ግን ከምርመራው ላይ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ናሱ ተለጥጦ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፥ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያግደው ይህ ነው። እንግዲህ የተበላሸ ቀለህ ጉዳቱ ለጠላት ሳይሆን ዓይኑን ከጠመንጃው ላስጠጋው ሰው ነው። መርማሪው አንገቱን በብርሃን እያዞረ ስንጥቅ ይፈልጋል። ከግርጌው ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየ፥ ናሱ ከውስጥ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷልና ይጥለዋል። ቆቡ የሚገባበት ጉድጓድ ሰፍቶ ከሆነም እንዲሁ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ናስ ስለሚበላ፥ ቀለሁ ውሎ ሳያድር መታጠብ አለበት። ደግሞም ናስ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር እየደረቀ ተሰባሪ ይሆናል። አንገቱ በእሳት የሚለሰልሰው ስለዚህ ነው፤ ግርጌው ግን እሳት ከነካው ግፊቱን መሸከም ያቅተዋል።

የእንግሊዝ ጦር በህንድ ሳለ፥ ጥይቱ በዝናብ ወራት በመጋዘን እንደ ተቀመጠ ይሰነጠቅ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1921 ሊቃውንት ምክንያቱን አስረዱ፤ ከፈረስ ጋጣ የሚነሣው አሞኒያ ውስጣዊ ውጥረት ያለበትን ናስ ይሰነጥቃል። ጥይቱን ከበቅሎው አጠገብ ያሳድር የነበረው የእኛ ዘማች ይህን ማን ይነግረው ነበር!

ጭስ አልባው ባሩድ ሲስፋፋ የእጅ ሙያው ጠበበ፤ ይህ ባሩድ በኬሚስትሪ እንጂ በሙቀጫ አይሠራም፥ ግፊቱም የበረታ ነው። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፥ ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን አርበኛው ጥይት ያገኝ የነበረው በአመዛኙ ከጠላት እየማረከ ነው።