ጂሚ ካርተር፦ ከኦቾሎኒ እርሻ እስከ ፍልስጤም ጥያቄ

የፍልስጤም ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ስማቸው አብሮ ከሚነሳ የአሜሪካ መሪዎች አንዱ ጂሚ ካርተር ናቸው። ገሚሱ ፍልስጤማውያንን ወደ ጎን ትተው ግብጽን ከእስራኤል ያስታረቁ ሰው አድርጎ ያስታውሳቸዋል። ገሚሱ ደግሞ ሌሎች ያልደፈሩትን የተናገሩ ይላቸዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ጽሑፋችን የኚህን ገበሬ ሕይወት ባጭሩ እንቃኛለን።

ካርተር እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ያደጉበት የእርሻ ቤት መጀመሪያ ላይ መብራትም ሆነ የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ሥራቸውን ትተው ወደ ቤተሰቡ የኦቾሎኒ እርሻ ተመለሱ። ዘር እየሸጡና ምርት እየተቀበሉ ንግዱን አሳደጉት። የነጮችን የበላይነት የሚያራምደው የአካባቢው ማኅበር አባል እንዲሆኑ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው ደንበኞች ሸሽተዋቸው ነበር።

በ1962 ለጆርጂያ ሴኔት ሲወዳደሩ በአንድ ጣቢያ የሞቱ ሰዎች ጭምር «ድምፅ ሰጥተው» ተገኙ። ካርተር በፍርድ ቤት ተከራክረው ውጤቱን አስቀይረው ገቡ። በ1971 የግዛቲቱ አገረ ገዥ፣ በ1977 ደግሞ ፕሬዝዳንት ሆኑ።

በሴፕቴምበር 1978 የግብጹን አንዋር ሳዳትንና የእስራኤሉን ሜናኸም ቤጊንን በካምፕ ዴቪድ ለ13 ቀናት አደራደሩ። በቀጣዩ ዓመት በተፈረመው ውል ግብጽ ሲናን የምታስመልስበት መንገድ ተከፈተ። ለዌስት ባንክና ለጋዛ ግን የተጻፈው ስለወደፊት ራስ ገዝነት የሚያወራ ሰነድ ብቻ ነበር። ፍልስጤማውያን በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም፤ የቁድስም ጉዳይ ሳይፈታ ታለፈ። ካርተር፣ ቤጊን የራስ ገዝነቱ ድርድር እስኪያልቅ የሰፈራ ግንባታ ለማቆም ቃል ገብተውልኛል አሉ። ቤጊን በበኩላቸው ቃሌ ለሦስት ወር ብቻ ነው አሉ። ግንባታው ቀጠለ።

በኢራን 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት በታገቱበትና የኑሮ ውድነት በበረታበት ወቅት፣ ካርተር የ1980ውን ምርጫ በሮናልድ ሬገን ተሸነፉ። ወደ ፕሌይንስ ሲመለሱ እርሻው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ጠበቃቸው።

በ1982 የካርተር ማዕከልን መሠረቱ። ማዕከሉ በ1996፣ በ2005 እና በ2006 የፍልስጤምን ምርጫዎች ታዝቧል። በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዌስት ባንክ ያለውን ሥርዓት አፓርታይድ ብለው ጠሩት። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ከማዕከሉ አማካሪ ቦርድ 14 አባላት ሥራቸውን ለቀቁ። እሳቸው ግን ቃሉን አላነሱም።

ለአገራችንም ካርተር እንግዳ አይደሉም። በ1989 የደርግ መንግሥትንና የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባርን (ሻዕቢያን) በአትላንታ ለማስታረቅ ሞክረዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ የታዛቢ ቡድን መርተው መጥተዋል። ማዕከላቸው በአማራ ክልል ትራኮማን፣ በጋምቤላ የጊኒ ዎርም በሽታን ለማጥፋት ሲሠራ ቆይቷል። በ1986 በዓለም ዙሪያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ የነበረው ጊኒ ዎርም በ2023 ወደ 14 ሰዎች ወርዷል።

ካርተር በዲሴምበር 29, 2024 በ100 ዓመታቸው በዚያችው ፕሌይንስ አረፉ። የእርሳቸው ታሪክ አንድ ጥያቄ ይተውልናል፦ ይህ ሁሉ ድፍረት ሥልጣን ላይ ሳሉ ቢሆንስ ኖሮ? በ1978 በግልጽ ያልተጻፈው የሰፈራ ጉዳይ ዛሬም የፍልስጤማውያንን መሬት እየበላ ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ዕጣ ሲወሰን ሕዝቡ ራሱ በቦታው ከሌለ፣ የአስታራቂው ቅንነት ብቻውን መብቱን አያስጠብቅለትም።