ያማረ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጤናማ የሚሆነው መቼ ነው?

ከጎንደር ተነስተው ዳባትን አልፈው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችውን ደባርቅን ያገኛሉ። እንግዳ የማያጣት ከተማ በመሆኗ ቁርስ ቤቱ፣ ሆቴሉና ማረፊያው በርካታ ነው። በዚያም ሆነ በሌላው የሀገራችን ከተማ አዲስ ቤት የሚሠራ ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ለወጥ ቤቱ ዓይን የሚስብ ጠረጴዛ መፈለጉ የተለመደ ነው። እምነበረድ የሚመስለው፣ የእንጨት ጅማት ያለው፣ ወርቃማ መስመር የተሰመረበት ወይም አበባ የታተመበት ላሚኔት፣ ብዙዎቻችን ፎርማይካ የምንለው፣ ከግራናይት ዋጋው ይቀንሳል። ክብደቱም ቀላል ነው፤ የሠፈር አናጺ ቆርጦ ይገጥመዋል።

ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ነው። ሆኖም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዶሮ ይገነጠላል፣ የልጆች ምሳ ይቀርባል። ስለዚህ ጥቂት የጤና ጥያቄዎችንም ማንሳት ተገቢ ነው።

ከምን ይሠራል?

ፎርማይካ እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ስም ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለወጥ ቤት ሳይሆን ማይካ የተባለውን ማዕድን ተክቶ ለኤሌክትሪክ መከለያ እንዲያገለግል ነበር። አሠራሩ ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ሙጫ የጠጡ ወረቀቶች ይደራረባሉ፤ ከላይ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ይደረጋል፤ ከዚያም በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቀው አንድ ጠንካራ ገጽ ይሆናሉ። እምነበረድ የመሰለዎት እንግዲህ የእምነበረድ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ስስ ገጽ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ይለጠፋል።

ጥቅሙ አይካድም። በጭቃ የተለሰነ መደብ ወይም ያልተላገ የባሕር ዛፍ ጣውላ ስንጥቁ ውስጥ ሥጋና ፍርፋሪ ይይዛል፤ በውኃ ለማጠብም አይመችም። ልስልስ ያለ ገጽ ግን በአንድ ጨርቅና በሳሙና ይጸዳል። ችግሩ ያለው ከሥር ባለው ጣውላና በአጠቃቀማችን ላይ ነው።

ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ

አዲስ ካቢኔት ሲከፍቱ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከሸተተዎት፣ ምክንያቱ በጣውላው ሙጫ ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር የዚህ ኬሚካል መጠን በ30 ደቂቃ አማካይ ሲለካ በሜትር ኩብ ከ0 ነጥብ 1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ይህ ማለት ካቢኔት ያስገባ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ በመጠኑና በቆይታው ይወሰናል። ልቀቱም በአዲስነቱ በርትቶ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ግን ቶሎ ይሰማቸዋል።

ደባርቅና ዳባት ደጋ ናቸው፤ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ብርድ ሲበረታ ደግሞ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማያያዝ የተለመደ ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስና የአዲስ ጣውላ ሽታ አንድ ላይ ይታመቃሉ፤ ከሰሉ ብቻውን እንኳ ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ አዲስ ካቢኔት ሲገባ በሮቹንና መሳቢያዎቹን ከፍተው ለተወሰኑ ቀናት ያናፍሱት፤ ቀን ቀን መስኮት ይክፈቱ። ማስቲሽ የሚጠቀሙ አናጺዎችም ሥራውን ደጅ ወይም ነፋሻ ቦታ ቢሠሩ መልካም ነው። ማስቲሽ እሳት ይስባልና ከሰል አጠገቡ አይቅረብ።

ውኃ፣ ቢላዋና እሳት

የዚህ ጠረጴዛ ቀንደኛ ጠላት ውኃ ነው። በእቃ ማጠቢያው ዙሪያና በጠርዙ ውኃ ከገባ ቺፑዱ ያብጣል፣ ገጹ ይላቀቃል፤ በስንጥቁም ሻጋታና ጀርም ይራባል። ጠርዙ ሁሉ መሸፈኑን፣ መጋጠሚያው በሲሊኮን መደፈኑን ከመረከብዎ በፊት ያረጋግጡ።

በቀጥታ ገጹ ላይ አይክተፉ። ቢላዋ የሰነጠቀው ቦታ እድፍ ይይዛል። ለጥሬ ሥጋ አንድ መክተፊያ፣ ለአትክልትና ለእንጀራ ሌላ መክተፊያ ይኑርዎ። ጥሬውን ከበሰለው መለየት የዓለም የጤና ድርጅት ለምግብ ደህንነት ካስቀመጣቸው 5 ቁልፍ መመሪያዎች አንዱ ነው። በተለይ በበዓል ዶሮ ሲታጠብ ውኃው የሚረጨው ሩቅ ነውና የተነጠፈ ሰሃንና የተቆረጠ ሰላጣ በአቅራቢያው አይኑር።

ከእሳት የወረደ ድስትም ሆነ የጋለ ጀበና በቀጥታ አያስቀምጡ፤ ማስቀመጫ ይጠቀሙ። ከሰል ምድጃ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በርካሽ የሚሸጠው እምነበረድ መሳይ ስቲከር ከሁሉም ይልቅ ሙቀትን አይችልም፤ ጫፉ ከተነሳም ከሥሩ ያለው ቆሻሻ አይታይም።

እንዴት ይጸዳል?

በመጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። ጥሬ ሥጋ ከነካው ደግሞ በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ይጥረጉት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያድርቁት። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጥረጊያ ጨርቁንም ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የቆሸሸ ጨርቅ የሚያጸዳ መስሎ ጀርም ያዳርሳል።

ሻጩ «ፀረ ባክቴሪያ ነው» ካለዎት አይዘናጉ። እንዲህ ያለው ቅባት ብዙውን ጊዜ ዕቃው ራሱ እንዳይሻግት የሚረዳ እንጂ መታጠብን የሚተካ አይደለም።

ሲገዙ ምን ይጠይቁ?

ጣውላው አነስተኛ ልቀት እንዳለው የሚያሳይ «ኢ1» የሚል ምልክት እንዳለው ይጠይቁ። ጠጋ ብለው ያሽቱት፤ ዓይንዎን ካቃጠለ ይተዉት። የተቆረጠውን ጎኑን ይዩ። ምግብ ቤት ካለዎት የሚመገበው እንግዳ ጓዳዎን አያይም፤ ጤናው ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ገንዘብ ካጠረዎትም ከሥዕሉ ይልቅ ለጠርዙና ለመክተፊያው ያውሉት። አንድ ቀለም ያለው ጠረጴዛ በደንብ ከተደፈነና ከጸዳ፣ ጠርዙ ካበጠ ወርቃማ ጠረጴዛ ይሻላል።

መልካም ጤና!