መለያው ምን ላይ ይለጠፍ?

በከፋዋ ቦንጋ ገበያ ቆጮ የምትገዛ እናት የምታነበው ጽሑፍ የለም። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀርብላታል፤ አይታ፣ አሽትታ፣ ሻጯን ጠይቃ ትገዛለች። «ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ መለያ ይኑረው?» የሚለው ክርክር ከፋ ሲደርስ መልኩን የሚቀይረው ለዚህ ነው።

ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንዱ «የምበላውን የማወቅ መብት አለኝ» ይላል። ሌላው፣ ደኅንነቱ በምርመራ በተረጋገጠ ምግብ ላይ ምልክት ማድረግ ያለ ምክንያት ሥጋት ይፈጥራል፣ ዋጋም ያንራል ባይ ነው። አገሮችም ተለያይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሳይታሰብ ለሚቀላቀል ልውጥ ግብዓት የሚታገሰው እስከ 0.9 በመቶ ነው፤ አሜሪካ እስከ 5 በመቶ። ከልውጥ ሰብል የተጨመቀ የተጣራ ዘይትን አውሮፓ «ምንጩ ይጻፍ» ትላለች፤ አሜሪካ ግን የተለወጠው ዘረመል በዘይቱ ውስጥ ካልተገኘ ግዴታ አትጥልም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲረቀቅ የአፍሪካን ወገን ከመሩት አንዱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። የአገሪቱ ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተባይ የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። ጥጥ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ዘይት ይሰጣል።

ከፋን ይበልጥ የሚነካው ግን የቆጮው ምንጭ እንሰት ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል፣ ገበሬውም የታመመውን ነቅሎ ከመጣል ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። ተመራማሪዎች ከቃሪያ ዝርያ የተወሰዱ ዘረመሎችን በማስገባት በሽታውን የሚቋቋም እንሰት ለማውጣት እየሠሩ ነው።

ይህ ተክል አንድ ቀን ቢፈቀድ፣ መለያው ቆጮው ላይ ሊለጠፍ አይችልም። የእንሰት ችግኝ ከጎረቤት ለጎረቤት፣ ከዘመድ ለዘመድ ይሰጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። በሌላ በኩል የአካባቢው የጫካ ቡና ኦርጋኒክ በሚል መለያ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ይህ መለያ ልውጥ ዘረመልን ይከለክላል። ለገበያ የሚመረት ልውጥ ቡና እስካሁን ባይኖርም፣ የከፋ ገበሬ የመለያን ዋጋ ከወዲሁ ያውቃል።

ስለዚህ እዚህ መለያ መጀመር ያለበት ከችግኝ ጣቢያው ነው፤ ችግኙ ሲታደል ምንነቱ በገበሬው ቋንቋ ይነገር፣ በቀበሌም ይመዝገብ። ተካዩ የተከለውን ሳያውቅ፣ ሻጯ ለገዢዋ ምን ብላ ትመልሳለች?