በመከራ መሀል ደስታ አለ እንዴ?

ባሏን ቀብራ አርባው እንኳ ገና ላልወጣላት ሴት «አንቺ አማኝ አይደለሽም እንዴ? ደስ ይበልሽ እንጂ!» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ነገሩ ከቅን ልብ ቢመጣም በቁስሏ እንጨት መስደድ ነው።

ልብ በሉ! ክርስቶስ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። እንባ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ታዲያ ደስታው የቱ ጋ ነው? ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተገርፈው፣ እግራቸው ከግንድ ጋር ተጠርቆ ሳለ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘምሩ ነበር። ዝማሬው የጀርባቸውን ቁስል አላዳነውም። በዚያ ጨለማ ብቻቸውን አለመሆናቸውን ግን ያውቁ ነበር። ደስታ ማለት ሳቅ ሳይሆን ይኸው ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል፤ በሰሙነ ሕማማት ይሰገዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ይታደላል፤ ከዚያ ትንሣኤ ነው። ስቅለትን ዘሎ ፋሲካ የደረሰ የለም።

እናም መከራ የገጠማችሁ፣ አልቅሱ፤ በራችሁን ግን አትዝጉ። ጸሎት ካቃታችሁ የሚጸልይ ሰው አጠገብ ቁጭ በሉ። በቀን አንዲት ነገር ፈልጋችሁ «ተመስገን» በሉ፤ ጎረቤት ያመጣችው ሾርባም ትሁን። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎ ከሰነበተ ሐኪም ማየት ከጸበል ጋር አይጣላም።

አጽናኞችስ? ስብከቱን ለጊዜው ተዉትና ቡናውን አፍሉ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ። ሰልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ያኔ ብቅ በሉ።

ጽናቱን ይስጣችሁ!