የምትበላዋ ጽጌረዳ

በየጦር ሰፈሩ መኖሪያ ቤቶች ደጃፍ ጽጌረዳ ተተክላ ማየት የተለመደ ነው። የብዙዎቻችን ፍላጎት ግን ከመልኳና ከመዓዛዋ አያልፍም። ጽጌረዳ የምትበላ ተክል መሆኗን፣ ለማዕድ ለመብቃትም ምን ጥንቃቄ እንደምትሻ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን እንመለከታለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደጋው ምድር በየቁጥቋጦው የሚበቅለው ቀጋ ራሱ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ ቀይ ፍሬውን በእረኝነት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብርቱካን ጭነት ወደ ብሪታንያ መድረስ ባዳገተው ጊዜ፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሩ ሕዝብ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እየለቀመ ለሕፃናት የሚሆን ሽሮፕ እንዲዘጋጅበት አድርጓል።

የትኛዋ ጽጌረዳ ትበላለች ቢባል፣ መልሱ ራሳችን ተክለን መድኃኒት ሳንረጭ ያሳደግናት ብቻ ናት የሚል ነው። በእቅፍ የሚሸጥ አበባ የሚመረተው ለጌጥ ነው፤ የተረጨበት ፀረ ተባይ በውኃ ታጥቦ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ የስጦታ አበባ ከሕፃናት አፍ ይራቅ፤ በሻይም ላይ አይጣል።

ለመትከል በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጥ። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈርና አፈሩ በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቅ። በክረምት መግቢያ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቁራጭ ከግማሽ በላይ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቢተከል ሥር ሊይዝ ይችላል። ውኃ ጠዋት ከግንዱ ሥር ይጠጣ፤ ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር በሽታ ይጋብዛል። ክሽክሽ የወረረው እንደሆነ በውኃ ግፊት ማጠብ ወይም በቀጭን የሳሙና ውኃ መጥረግ ይበቃል። መርዝ የተረጨባት ጽጌረዳ ከማዕድ ወጣች ማለት ነው።

አበባው የሚለቀመው ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ነው። የአበባው ቅጠል ከሥሩ በኩል ያለው ነጭ ክፍል ስለሚመር ተቆርጦ ይጣል፤ የቀረው ታጥቦ ከስኳርና ከሎሚ ጋር ማርማላታ ይሆናል፤ በጥላ ደርቆም ለሻይ ያገለግላል። ፍሬ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን አበባውን ሁሉ አይልቀም። ፍሬው ሲቀላ ተሰንጥቆ ዘሩና በውስጡ ያለው ጸጉር ተጠርጎ ይውጣ፤ ጸጉሩ ጉሮሮ ይከረክራልና። ረጅም ጊዜ ማፍላት ቫይታሚኑን ስለሚያጠፋ እሳቱ አጭር ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስባለን። በሰፈራችን ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ በአንዱ ግቢ የተረጨ መድኃኒት በነፋስ ተወስዶ በሌላው ማዕድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ጽጌረዳ ለምግብ የሚተክል ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ይመካከር።