ያውቁ ኖሯል? የአንድ ውሻ የአንድ ሌሊት ሒሳብ በኒውዮርክ

በኒውዮርክ ከተማ ውሻን ለአንድ ሌሊት ማሳደሪያ ቤት መተው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ዶላር እንደሚያስወጣ ያውቁ ኖሯል? ማንሃተን ውስጥ ከዚህ በላይ የሚጠይቁም አሉ። ለገና እና ለጥምቀት አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሳምንት የሚያስፈልገው ሰው፣ በሌሊት 75 ዶላር የሚያስከፍል ቤት ቢያገኝ እንኳ 1,575 ዶላር ይከፍላል። ውሻው ሳይጓዝ የአንድ ተጨማሪ መንገደኛ ትኬት ያህል ወጣበት ማለት ነው።

የሚለጠፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ እንዳልሆነስ? የማሳደሪያ አገልግሎት የሽያጭ ታክስ ይታሰብበታል፤ በከተማዋ ታክሱ 8.875 በመቶ ነው። መድኃኒት በሰዓቱ ለሚሰጠው ውሻ ተጨማሪ፣ ለብቻው ለሚንሸራሸር ተጨማሪ፣ ባለቤቱ ዘግይቶ ቢመጣም ተጨማሪ አለ። በምስጋና ቀን፣ በፈረንጆች ገና እና በጁላይ 4 ሰሞን ብዙ ቤቶች በየሌሊቱ የበዓል ጭማሪ ያስከፍላሉ፤ ቦታውም ከሳምንታት አስቀድሞ ይሞላል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ መነሳት የሚችል ሰው ከዚህ ጭማሪ ይተርፋል።

ሳይጓዙም ወጪ አለ። ውሻን ለግማሽ ሰዓት የሚያንሸራሽር ሰው በአንድ ዙር ከ20 እስከ 30 ዶላር ይቀበላል። ግቢ በሌለው አፓርታማ የሚኖርና ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ይህን አገልግሎት ከገዛ፣ በ25 ዶላር ሒሳብ በወር ከ500 ዶላር በላይ ይሄዳል። ውሻ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ሊያሰላ የሚገባው ይህን ነው፤ የምግቡ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ከሚከፍሉት ገንዘብ ምን ያህሉ ለጠባቂው እንደሚደርስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተው ሮቨር የተባለው መተግበሪያ ከጠባቂዎች ገቢ አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶ ይቆርጣል። ጠባቂዋ 50 ዶላር ስትጠይቅ እጇ የሚገባው 40 ነው። ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ይህን ኩባንያ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማው በ2023 ነበር። ሌሊት ተነስቶ የሚያቃስተውን ውሻ የሚያባብል ሰው ድካም ይህን ያህል ሀብት ማፍራቱን ሳስብ፣ ለጠባቂ ጉርሻ መጨመር ተገቢ ነው እላለሁ።

በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ ብዙ ሰዎችን ያስደነገጠ ነገር ተሰምቶ ነበር። የከተማዋ የጤና ደንብ ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ውሻ ማሳደርን የሚፈቅደው ፈቃድ ላለው ማሳደሪያ ብቻ ነበር፤ መኖሪያ አፓርታማ ደግሞ ያንን ፈቃድ አያገኝም። በመተግበሪያ ተመዝግበው ቤታቸው ውሻ ያሳድሩ የነበሩ ሰዎች ሕግ ተላላፊ ሆነው ተገኙ። በውሻው ባለቤት ቤት አድሮ መጠበቅን ግን ደንቡ አይከለክልም። ስለዚህ ከመዋዋልዎ በፊት ውሻው የት እንደሚያድር ይጠይቁ፤ ፈቃድም ካለ ይዩ።

ድመትስ? ለድመት ከማሳደሪያ ይልቅ ራሷ ቤት መቅረት ይሻላታል። ድመት የምታውቀውን ቦታና ሽታ ስታጣ ትጨነቃለች፣ ምግብም ልትተው ትችላለች። በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ብሎ ምግብና ውኃ የሚሰጣት፣ አሸዋዋን የሚያጸዳላት ሰው በአንድ ጉብኝት ከ20 እስከ 35 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ጠባቂው ገብቶ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መብላቷን እንዲያረጋግጥ ይንገሩት።

ክትባት ያልጨረሰ ውሻ ደህና ማሳደሪያ ቤት እንደማይቀበለውስ? የእብድ ውሻ በሽታ፣ የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ውሾች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቤት ቶሎ የሚዛመተው ሳል ስላለ የቦርዴቴላ ክትባትም ይጨመራል። ይህን የማይጠይቅ ቤት ካጋጠመዎ ዋጋው ቢረክስም ይለፉት። በዚሁ ላይ በከተማዋ የውሻ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ዓመታዊ ክፍያው ለተኮላሸ ወይም ማህፀኗ ለወጣ 8.50 ዶላር፣ ላልሆነው 34 ዶላር ነው።

ውሻውን ማሳደሪያ ቤት ማድረስም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ከተማዋን የሚያቋርጠው የምድር ውስጥ ባቡር ውሻ የሚያሳፍረው በመያዣ ውስጥ ሆኖ ሌላውን ተሳፋሪ ካላስቸገረ ብቻ ነው። ለአካል ጉዳተኞች የሠለጠኑ ውሾችን ይህ አይመለከትም። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ርካሽ ማሳደሪያ ራቅ ባለ ሰፈር ቢያገኝ እንኳ የታክሲው ዋጋ ትርፉን ይበላበታል።

ለጠባቂው ምንም ሳይከፈል እንስሳ የሚጠበቅበት መንገድም አለ። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ትረስትድ ሃውስሲተርስ በዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ይሠራል፤ ጠባቂው ባለቤቱ በሌለበት ቤት ያለ ኪራይ ይኖራል፣ በለውጡ እንስሳውን ይንከባከባል። ኒውዮርክን ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው ሆቴል ስለሚወደድበት ለከተማዋ ነዋሪ ይህ መንገድ ይሠራል። የማያውቁትን ሰው ቤት ማስገባት ግን ለሁሉም አይሆንም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ኒውዮርክ ውስጥ እስከ 1894 ድረስ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በብረት ሳጥን ታጉረው ኢስት ሪቨር ውስጥ እየተዘፈቁ ይገደሉ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በዚያ ዓመት ሥራውን የተረከበው ሄንሪ በርግ በ1866 ያቋቋመው በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ መከላከያ ማኅበር ነው። ዛሬ ያ ቀርቷል፤ ነገር ግን አቅም የሌለው ባለቤት ከእንስሳው የመለየት ጭንቀቱ አልቀረም። ሆስፒታል የሚተኛ ብቸኛ አዛውንት በሌሊት 80 ዶላር ከየት ያመጣል? ቀጠሮውን የሚሰርዝ አለ፤ ውሻውን ለመጠለያ ሰጥቶ ባዶ ቤት የሚመለስም አለ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ደግሞ ውሻዋን ትታ መውጣት ስለማይሆንላት እዚያው ቤት ትቆያለች፤ ደብዳቢውም ውሻውን እንደ መያዣ ይጠቀምበታል። ይህን የተረዳው ኧርባን ሪሶርስ ኢንስቲትዩት የተባለ ድርጅት ከ2013 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ ተጠቂዎች ከነእንስሳቸው የሚገቡበትን መጠለያ ከፍቷል። ፖውስ ኒውዮርክ የተባለው ሌላ ድርጅት ደግሞ በፈቃደኞች አማካይነት የአረጋውያንንና የሕሙማንን እንስሳት ይንከባከባል። ከተማዋ ለእንዲህ ያለው ሥራ የምታወጣው ገንዘብ የሚባክን አይደለም፤ የሰው ሕይወት ያድናል።

“ታዲያ ለምን ይዤው አልሄድም?” ለሚሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። አነስተኛ ውሻን አውሮፕላን ውስጥ ከመቀመጫ ሥር ማስገባት በብዙዎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለአንድ ጉዞ ከ100 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላል። መሄዱ ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው ችግሩ። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ አስቀምጣለች። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ማንኛውም ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው እንዲሆን ያዛል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ውሻ አሜሪካ ውስጥ ተከትቦ ከሆነ ማረጋገጫው በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መጽደቅ አለበት፤ ይህም የሚሆነው ውሻው ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊት ነው። ውጭ አገር የተከተበ ከሆነ የሚገባው እንደ ኬኔዲ እና ዋሽንግተን ዳለስ ባሉ የተወሰኑ አየር ማረፊያዎች ብቻ ነው፤ የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው ለ28 ቀን ተለይቶ ይቆያል፣ ወጪውም በባለቤቱ ነው።

እናም ውሻዎን ይዘው አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የእንስሳት ሐኪምዎን ያነጋግሩና ማረጋገጫውን ያስጨርሱ። ትተውት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ጠባቂውን ከአሁኑ ይፈልጉ፤ አንድ ሌሊት አሳድረው ይሞክሩት፤ የሐኪሙን ስልክና ሕክምና ቢያስፈልግ የሚከፈልበትን ገንዘብ አብረው ያስቀምጡ። ብቻቸውን ከእንስሳ ጋር የሚኖሩ እናት ወይም አባት በጎረቤትዎ ካሉም፣ ሆስፒታል ቢገቡ ውሻቸውን ማን እንደሚይዝላቸው ዛሬውኑ ይጠይቋቸው።