ያገለገለ ላፕቶፕ ለኢሉባቦር ነጋዴ፦ የቆየው ዊንዶውስ ወይስ አዲሱ?

ጥቅምት በኢሉባቦር የቡና ወር ነው። በመቱ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በጎሬ ዙሪያ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ባለመኪናው ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ላይ ታች ይላሉ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ያቋረጠው በዚሁ ወር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። በሥራ የተወጠረ ነጋዴ ቀኑን ልብ ባይለው አይፈረድበትም። ኮምፒዩተሩ በማግሥቱም እንደ ወትሮው ተነሥቷል፤ ሂሳቡንም ደምሯል፤ ደረሰኙንም አትሟል።

በገበያው ላይ ግን ያ ቀን መስመር አስምሯል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሆኗል፤ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበልና የማይቀበል። በውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ቀድመው ከሥራ የሚያስወጡት የማይቀበለውን ነው። ከሥራ የወጣው ደግሞ በዱባይም ሆነ በሌላ በኩል ዞሮ መርካቶ መድረሱ፣ ከመርካቶም ጅማን አልፎ መቱ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ለመቱ ገዢ ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በርካሽ የሚቀርብለት ዕቃ ለምን ረከሰ? የረከሰበት ምክንያት እሱን ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም?

ያገለገለ ዕቃ የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ አዲስ ላፕቶፕ ለአነስተኛ ነጋዴ የሩቅ ዕቃ ሆነ። በመቱ ፈላጊው ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተማሪው አለ። ጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ አለ፤ ሂሳቡን በደብተር መያዝ የሰለቸው ቡና አቅራቢ፣ የማር ነጋዴና የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። ለሁሉም የሚቀርበው አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ነው፤ “ስላይትሊ ዩዝድ፣ ዊንዶውስ 11 ያለው”።

ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን

“ዊንዶውስ 11 ያለው” የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም። ማይክሮሶፍት መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ ለሚጫንበት ማሽን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። የኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ የኤኤምዲ ከሆነ በአብዛኛው ራይዘን 2000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፤ በተጨማሪም ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የቁልፍ መጠበቂያ ይጠየቃል። ይህን የማያሟላ ማሽን ላይም ቢሆን ቅድመ ሁኔታውን የሚያልፍ ዘዴ ተጠቅሞ 11ን መጫን ይቻላል፤ ማንኛውም ጠጋኝ በአንድ ፍላሽ ይሠራዋል። ኩባንያው ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ይናገራል። በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትምም በራሱ አይመጣለትም፤ እንደገና በእጅ መጫን አለበት። በ4ኛ ትውልድ ማሽን ላይ 11 ተጭኖ ዋጋ ሲጨመርበት ገዢው የሚከፍለው ለሥዕሉ ነው።

ትውልዱን ማወቅ አያስቸግርም። የኢንቴሉ ቁጥር አይ5-4300ዩ ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 4 ትውልዱ ነው፤ አይ5-6300ዩ ከሆነ 6ኛ፣ አይ5-8250ዩ ከሆነ 8ኛ ነው። በማሽኑ ስም መተማመን ግን አይበጅም። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 በገበያው የ8ኛ ትውልድ ማሽን ተብሎ ይታወቃል፤ ሆኖም በዚያው ስም 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለውም ተሠርቶ ተሽጧል። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ደላላው ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ የሚከፈተው የማሽኑ የመግለጫ ገጽ ነው። የማይክሮሶፍት ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቀበላል ወይም አይቀበልም ብሎ ይፈርዳል።

ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆነው ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ማብቂያው ተብሎ የተቀመጠው ቀን ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ሲያልፍ ማሽኑ አይቆምም፤ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ የሚደፍንለት ግን የለም። ዊንዶውስ 7 ይህን መንገድ ቀድሞ ሄዷል። ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አበቃ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ክሮም የተባለው የኢንተርኔት መቃኛ አዲስ እትም ማውጣት አቆመለት። መጀመሪያ የሚያረጀው ዊንዶውሱ ሳይሆን በላዩ የሚሠራው ነው። ግብሩን በኢንተርኔት የሚያሳውቅና ባንኩን በድረ ገጽ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ይህ በቀጥታ ይነካዋል።

የፒችትሪ እስረኞች

ነጋዴውን ከአሮጌው ጋር የሚያስረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ ሂሳብ ያዥ ሲባል ፒችትሪ የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በየማሠልጠኛው የሚሰጠውም እሱው ነው። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው ኩባንያ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) እትም ጀምሮ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢለውጠውም፣ እዚህ አገር የቀረው ፒችትሪ የሚለው ስምና ፒችትሪ 2010 የሚባለው እትም ነው። ይህ እትም ሲዘጋጅ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 አልነበሩም። ከሥሩ ፐርቫሲቭ የሚባል የመረጃ ቋት አለ፤ እሱ ካልተነሣ ፒችትሪ አይከፈትም። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ አንዳንዱ በትግል ያሠራዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በማተሚያው ይቸገራል። ወር በተዘጋ ማግሥት፣ የግብር ማሳወቂያ ቀን ሲደርስ የሚደርስ ችግር ስለሆነ ዋጋው የላፕቶፑ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የፒችትሪ መዝገብ ያለው ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ፕሮግራሙን በሚገዛው ማሽን ላይ አስጭኖ፣ የራሱን የመጠባበቂያ ቅጂ አስገብቶ፣ አንድ ደረሰኝ አሳትሞ ማየት አለበት። ካልሆነለት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዊንዶውስ 7 ያለውን አሮጌ ማሽን ለመዝገቡ ብቻ አስቀርቶ ከኢንተርኔት ማላቀቅ ነው። ገመዱና ዋይፋዩ ቢቋረጥ ግን የኮፒ ቤት ፍላሽ አለና ቫይረስ አይገባም ብሎ መተኛት አይቻልም፤ ለዚያ ማሽን የተለየ ፍላሽ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በአዲሱ ማሽን ውስጥ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ባለ ነጻ ፕሮግራም አሮጌውን ዊንዶውስ እንደ ሁለተኛ ክፍል አስቀምጦ፣ ክፍሉን ከኢንተርኔት ዘግቶ መሥራት ነው። ይህ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ይጠይቃል፤ 4 ጊጋባይት ባለው ላይ የሚሞክር ሰው ቡናው እስኪፈላ ይጠብቃል።

የጽሕፈት ቤቶቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በመቱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍና ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የትኛውም ዊንዶውስ አያስቸግረውም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው፣ የውልና የአቤቱታው ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ አማርኛ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም ነበር፤ ከራሱ ጋር ናያላ የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ እትሞች የተተየበ የውል ቅጽ፣ የድሮው ፊደል ያልተጫነበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፊደሉ ሲጫን ይመለሳል። አሥር ዓመት የተጠራቀመ ቅጽ ያለው ጽሕፈት ቤት አሮጌውን ማሽን ከመሸጡ በፊት ፊደሎቹን ገልብጦ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ሒሳቡ

ለስሌት ያህል ብቻ፣ 6ኛ ትውልድ የሆነው ላፕቶፕ 22,000 ብር፣ 8ኛ ትውልድ የሆነው 34,000 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው በዊንዶውስ 10 ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛው በዊንዶውስ 11 አምስት ዓመት ያገለግላሉ ቢባል፣ ርካሹ በዓመት 11,000 ብር፣ ውዱ 6,800 ብር ይወጣበታል። በዓመት የ4,200 ብር ልዩነት ነው። የቡና ሰው ወዲያው የሚያነሣው ክርክር አለ፤ 12,000 ብሩን ላፕቶፕ ላይ ከማሰር ባገላብጠውስ? በወቅቱ ሦስት ጊዜ ቢያገላብጠውና በየዙሩ 5 ከመቶ ቢያተርፍ የሚያገኘው 1,800 ብር ነው። ውዱ አሁንም ያዋጣል። ገንዘቡ በወር 10 ከመቶ ከሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ የሚመጣ ከሆነ ግን በዓመት 14,400 ብር ወለድ ይበላል፤ ያን ጊዜ ርካሹን ይዞ መቆየት ብልህነት ነው።

ስሌቱን የሚገለብጥ ሌላ ነገር ሊኑክስ ነው። ፒችትሪ ለማይነካ፣ ሥራው ደብዳቤ መተየብ፣ የዋጋ ሰንጠረዥ መሥራትና ኢንተርኔት መክፈት ለሆነ ሰው ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነጻ ሲስተም 6ኛ ትውልዱን ማሽን ያለ ችግር ያሠራዋል። ሚንት 22 ድጋፉ እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያ 22,000 ብር ለአምስት ዓመት ሲካፈል 4,400 ብር ይሆናል፤ ከሁሉም ያነሰ። ለጽሕፈት ሊብረኦፊስ አለው፤ ግዕዙንም ያነባል። እንቅፋቱ ማተሚያ ነው። አንዳንድ የካኖን ሌዘር ማተሚያዎች በሊኑክስ ላይ ድራይቨራቸው ያስቸግራል፤ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ማተሚያውን ሳይሞክር ወደዚህ ቢገባ ይቆጨዋል። ሌላው እንቅፋት ሰው ነው። ሊኑክስ ሲበላሽ የሚያስተካክል ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ነጻ የተባለው ነገር ውድ ይሆናል።

ከመርካቶ እስከ መቱ

ጎሬ የውጭ ነጋዴዎች መደብር ከፍተው በጋምቤላ በኩል ቡና ወደ ሱዳን በሚልኩበት ዘመን፣ ጀልባው የባሮ ወንዝ በክረምት እስኪሞላ ይጠበቅ ነበር። ዛሬ የሚጠበቀው የሞባይል ዳታ ነው። የዊንዶውስ 11 መጫኛ 5 ጊጋባይት አልፎ ይሄዳል፤ ማሻሻያው ደግሞ ሳይጠየቅ በሌሊት ጥቅሉን ይጨርሳል። በዳታ የሚሠራ ሰው መስመሩን “ሚተርድ” በሚለው ምርጫ ላይ ቢያደርገው አብዛኛው ማሻሻያ እሱ ሳይፈቅድ አይወርድም።

ከአዲስ አበባ እስከ መቱ በጅማ በኩል 600 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ዕቃው ቢበላሽ መልሶ መውሰድ የአውቶቡሱ፣ የአልጋውና የጠፋው የሥራ ቀን ወጪ አለበት፤ የሻጩ የአንድ ሳምንት ዋስትና ለአዲስ አበባ ሰው የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ርቀት ላይ የከፋው ጉዳት ባትሪም ስክሪንም አይደለም፤ ቁልፍ ነው። ከውጭ ድርጅቶች የሚወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች በቀድሞው ድርጅት ስም እንደተመዘገቡ ይሸጣሉ። ኢንተርኔት ሳይኖር ተጭኖ ሲታይ ማሽኑ ሰላም ነው። መቱ ደርሶ አንድ ቀን ፎርማት ተደርጎ ከኢንተርኔት ሲገናኝ ግን የማይታወቅ የባሕር ማዶ ኩባንያ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣና የዚያን ድርጅት ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በባዮስ የይለፍ ቃል የተቆለፈም አለ።

ፈቃዱም የሚታይ ነገር ነው። ከፋብሪካው ዊንዶውስ 8 ወይም 10 ይዞ የወጣ ላፕቶፕ ቁልፉ በውስጡ ስለተቀመጠ፣ ያው ዓይነት እትም በንጹሕ ሲጫንና ከኢንተርኔት ሲገናኝ ራሱ ፈቃዱን ያገኛል። ያን ያላገኘ ማሽን ወይ እትሙ ተቀይሯል፣ ወይ ዋናው ሰሌዳ ተለውጧል። በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ ላይ የባንክ የይለፍ ቃል መጻፍ ደግሞ የሱቅ ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው፤ ክራኩን የሠራው ሰው ከውስጡ ሌላ ምን እንዳስቀመጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና።

እንግዲህ ገንዘቡ በቴሌብርም ሆነ በጥሬው ከመተላለፉ በፊት ሻጩ ፊት ማሽኑ ፎርማት ይደረግ፤ ከስልክ ዳታ ጋር ይገናኝ፤ የማንም ኩባንያ ስም ሳያወጣና ፈቃዱን ራሱ አግኝቶ እስኪከፈት ይጠበቅ። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ መርካቶ ውስጥ ሌላ ሱቅ አለ።